ሞክሼ ሰዎችና ሞክሼ ፊደሎች፦ በአርሂባ የዘር ሐረግ ጥናት የተሳሳተ ማንነትን ስለ ማረም

በዘር ሐረግ ጥናት የሚያጋጥመው የማንነት ስሕተት በመሠረቱ ሁለት ዐይነት ነው፤ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ መቁጠርና አንዱን ሰው ለሁለት መክፈል። በጅቡቲ ከተማ በአርሂባ ሰፈር ሁለቱ ስሕተቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ የሚመነጩት ግን ከተለያየ ቦታ ነው። ሰውን ለሁለት የሚከፍለው በአመዛኙ የአጻጻፍ ልማድ ነው። ሰዎችን የሚያዋሕደው ደግሞ የስም አወጣጥ ልማድ ነው። የጥናቱ ችግር ያለው አንዱን ስሕተት የሚያርመው መሣሪያ ሌላውን የሚያባብስ በመሆኑ ላይ ነው። ሆሄያትን አስተካክሎ የተበተኑ መዛግብትን የሚሰበስብ ሰው በዚያው እጁ ሊለያዩ የሚገባቸውን ሞክሼዎች አንድ ያደርጋል።

አርሂባ አፋሮች በብዛት የሚኖሩበት፣ ለረጅም ዘመን የወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች መኖሪያ የነበረ ሰፈር ነው። የአፋር ሕዝብ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ተከፍሎ የሚኖር በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ወረቀቶች በአንድ ቋንቋ ብቻ ተጽፈው አይገኙም። ልደትና ሞት በፈረንሳይኛ ይመዘገባል፤ የጋብቻና የውርስ ውል በቃዲ ፊት በዐረብኛ ይጻፋል፤ ከአውሳ ወይም ከአሰብ የመጣ ዘመድ የአማርኛ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዲሚስና ሬዶ ባዘጋጁት፣ «ቃፋር ፌራ» ተብሎ በሚጻፈው የላቲን አጻጻፍ የሰፈሩ ስሞች ተጨምረዋል። የትውልድ አገርን የሚያመለክተው ዐምድ እንኳ ለአንዱ ከተማ ሦስት መልስ አለው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሶማሊ ጠረፍ፣ ከዚያ እስከ ሰኔ 1977 የአፋሮችና የኢሳዎች የፈረንሳይ ግዛት፣ ቀጥሎም የጅቡቲ ሪፐብሊክ ይላል።

ፊደል ሰውን ሲከፍል

በአፋርኛ የጉሮሮ ድምፆች የሆኑት ሐ እና ዐ ተነባቢ ሆነው ቃልን ከቃል ይለያሉ። እንዲሁም ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚነገር ከተራው ድ የተለየ ድ አለ። ከዚህ በተቃራኒ ዘ፣ ሸ፣ ጀ እና ቸ በነባሩ የድምፅ ሥርዐት ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጅቡቲ ራሷ በአፋርኛ «ጋቡቲ» ናት፤ ታጁራም «ታጎሪ»። «ታጎሪ» የሚል የትውልድ ቦታ ያየ፣ አፋርኛ የማያውቅ ተመራማሪ ከታጁራ ሌላ አንድ ከተማ በካርታ ላይ ሲፈልግ ቢውል አይገርምም። ዘይነብ «ሰይነብ» ሆና የምትሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሶማልኛም ዘ ስለሌለ ይህ ለውጥ ብቻውን ሰውየዋ የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ እንደሆነች አያስረዳም።

ከባዱ ጣጣ የሚመጣው እነዚህ ድምፆች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ነው። አፋርኛ፣ ሶማልኛና ኦሮምኛ ሦስቱም ለእንግሊዝኛ ወይም ለፈረንሳይኛ ድምፅ የማይፈለጉ ትርፍ የላቲን ፊደሎችን ወስደው ለራሳቸው ድምፅ ሰጥተዋል፤ የሰጡት ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው። «ሲ» የተባለው ፊደል በአፋርኛ ሐ ነው፣ በሶማልኛ ዐ፣ በኦሮምኛ ቁቤ ደግሞ ጨ። «ኪው» በአፋርኛ ዐ ነው፤ በኦሮምኛ ቀ ሲሆን በሶማልኛ ከጉሮሮ ጫፍ የሚወጣ፣ ለቀ የሚቀርብ ድምፅ ነው። «ኤክስ» በአፋርኛ የታጠፈው ድ፣ በሶማልኛ ሐ፣ በኦሮምኛ ጠ ነው። የሶማልኛው አጻጻፍ በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ ተደነገገ፤ ቁቤ በ1991 በይፋ ሥራ ላይ ዋለ። ሦስት ጎረቤታሞች ቋንቋዎች በሀያ ዓመት ገደማ ውስጥ ለአንዱ ምልክት ሦስት ድምፅ ሰጡ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሥርዐት በራሱ ውስጥ ሲታይ ንጹሕና ወጥ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው በድንበር ላይ ነው፤ አርሂባም ድንበር ናት።

በዚህ የተነሣ ዓሊ በአፋር አጻጻፍ በ«ኪው»፣ በሶማሊ አጻጻፍ በ«ሲ»፣ በፈረንሳይኛ በ«ኤ» ይጀምራል። ቁቤ የለመደ የኢትዮጵያ ጸሐፊ የአፋሩን አጻጻፍ አይቶ «ቃሊ» ብሎ ወደ አማርኛ ሊገለብጠው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በየትኛውም ቋንቋ ያልነበረ አዲስ ሰው ይወለዳል። ሐሰን በሶማሊ አጻጻፍ በ«ኤክስ»፣ በአፋር በ«ሲ»፣ በፈረንሳይኛ በ«ኤች» ይጀምራል። የጅቡቲ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ፈረንሳይኛው ሦስተኛውን ስም በፐ ይጽፈዋል፤ ሶማልኛ ግን ፐ የተባለ ድምፅ ስለሌለው በራሱ አጻጻፍ ስሙ በበ ነው የሚጻፈው። የታወቀ ሰው ስለሆነ ማንም ሁለት ፕሬዚዳንት ነበሩ አይልም። ለአንድ የወደብ ሠራተኛ ግን ይህን የሚመሰክርለት የታሪክ መጽሐፍ የለም።

የፈረንሳይኛውና የእንግሊዝኛው ልማድ ልዩነት ሌላው የመክፈያ ቢላ ነው። ጀማል በፈረንሳይኛ በ«ዲ» ተጀምሮ ሲጻፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እንግሊዝኛን ስለሚከተል በ«ጄ» ይጽፈዋል። ወርቁ በአንዱ በ«ኦ»፣ በሌላው በ«ደብልዩ» ይጀምራል። በሽር የሚለው ስም በፈረንሳይኛ ሲጻፍ መካከሉ ላይ ያሉት «ሲ» እና «ኤች» ሸ ሆነው ይነበባሉ፤ እንግሊዝኛ የለመደ አንባቢ ግን «ባቺር» ይለዋል። ግንባታው በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር መስመር የፈረንሳይኛን አጻጻፍ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ስለዘለቀ ይህ ችግር በጅቡቲ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አባቱ በድሬዳዋ በፈረንሳይኛ፣ ልጁ በአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ የተጻፈለት ቤተሰብ በፊደል ተራ በተደረደረ ማውጫ ውስጥ ተራርቆ ይቀመጣል።

የአማርኛው ወረቀት የራሱ ጉድለት አለው። በግእዝ ፊደል ሐ እና ዐ አሉ፤ ማለትም አፋርኛ የሚፈልጋቸው ሁለቱ ዋና ምልክቶች ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ይሁንና በአማርኛ ንግግር ውስጥ ድምፆቹ ስለጠፉ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም አ፣ ዐ ሞክሼ ፊደሎች ሆነዋል፤ ጸሐፊውም እጁ እንደለመደው ይጠቀማል። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ የሚሉት አጻጻፎች የሚነግሩን ስለ ባለስሙ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ነው። እዚህ ላይ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነጥብ አለ። በአሰብ ወረቀቱን የጻፈው የትግርኛ አፍ መፍቻ ተናጋሪ ከሆነ ሐ እና ዐ በዘፈቀደ አልገቡም፤ ምክንያቱም ትግርኛ ሁለቱንም ድምፆች በንግግር ጠብቋል። እንዲህ ያለ ወረቀት ለአፋርኛው ስም ከፈረንሳይኛው መዝገብ የተሻለ የድምፅ ማስረጃ ነው። ስለሆነም «ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ተጻፈ?» ከሚለው መቅደም አለበት። በሌላ በኩል መጥበቅና የአናባቢ ርዝመት በግእዝ ፊደል አይታዩም፤ የአፋሩ አጻጻፍ ግን ሆሄን በመደጋገም ሁለቱንም ያሳያል።

ዐረብኛው የጉሮሮ ድምፆችን በትክክል ይይዛል፤ አናባቢ ምልክት ሳይደረግበት ሲጻፍ ግን ሐ-መ-ደ የሚሉት ሦስት ሆሄያት ሐመድም ሑመድም ሆነው ሊነበቡ ይችላሉ። ሑመድ በአፋሮች ዘንድ እጅግ የተለመደ፣ ከአሕመድም ከሐመድም የተለየ ስም ነው። ሦስቱም ከአንድ የዐረብኛ ሥር የወጡ በመሆናቸው «ያው ነው» ብሎ ወደ አሕመድ የሚያቃና ጸሐፊ አባትን ይለውጣል።

በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር ይጨመራል። ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ምሳሌ ቢወሰድ፣ በፈረንሳይኛው «በ1950 አካባቢ የተወለደ»፣ በአማርኛው «በ1942 የተወለደ»፣ በዐረብኛው «በ1369 የተወለደ» የሚሉ ሦስት ወረቀቶች የአንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። 1942 ዓ.ም. ከመስከረም 1949 እስከ መስከረም 1950 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ይሸፍናል፤ 1369 ዓመተ ሂጅራም አብዛኛው ክፍሉ በ1950 ላይ ይውላል። አቆጣጠሩን ያላስተዋለ ሰው ግን በፈረንሳይኛውና በአማርኛው መካከል የስምንት ዓመት ልዩነት አይቶ ታላቅና ታናሽ ወንድም ይፈጥራል። «አካባቢ» የሚለው ቃልም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ልደታቸው በጊዜው ሳይመዘገብ ቆይቶ በፍርድ ቤት ውሳኔ የልደት ማስረጃ የተሰጣቸው ሰዎች ዕድሜ በግምት የተወሰነ ስለሆነ፣ የዓመቱ ትክክለኛነት ከአንድ ምስክር ትዝታ አይበልጥም።

ልማድ ሰውን ሲያዋሕድ

እስከዚህ ያለው ሁሉ አንድን ሰው ወደ መክፈል ያመራል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱን አጻጻፍ ወደ ድምፁ መልሶ ተመሳሳዮችን ማሰባሰብ። የቋንቋ ባለሙያ በዚህ ሥራ ብርቱ ስለሆነ እዚሁ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አደጋው ግን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአፋሮችም በሶማሌዎችም በኢትዮጵያም የሰው ሙሉ ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ እንደመሆናቸው፣ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ልማዱ ግን አልተቀበለውም። የክብር መዝገብን የሚመለከተው ክፍልም ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቶ በኢትዮጵያ አጠቃላይ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከዚያ በፊት ለኖረ ሰው ከድንበሩ በስተምዕራብ የልደት መዝገብ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የሌለ ነገር መፈለግ ነው።

በዚህ ሥርዐት ላይ ልጅን በአያቱ ስም የመጥራት ልማድ ሲታከል ምን እንደሚሆን በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ዓሊ ሑመድን ወለደ እንበል፤ ሑመድም የልጁን ስም ዓሊ አለው፤ ይህ ዓሊ ደግሞ የልጁን ስም ሑመድ አለው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የአያትየው ሙሉ ስም «ዓሊ ሑመድ ዓሊ» ነው። የልጅ ልጁም ሙሉ ስም «ዓሊ ሑመድ ዓሊ» ነው። የተለመደው ምክር «ሦስት ስም ካልበቃ አራተኛውን ጠይቅ» የሚል ነው፤ እዚህ ግን አራተኛውም አምስተኛውም ስም አንድ ነው። ወደ ላይ የቱንም ያህል ቢቆጠር ልዩነት አይገኝም። የጅቡቲ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አፋሩ ፖለቲከኛ አሕመድ ዲኒ አሕመድ ስማቸው ራሱ የዚህ ቅርጽ ምሳሌ ነው፤ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ስም አንድ ነው።

ይህ ቅርጽ የጽሑፍ ሐያሲዎች የሚያውቁትን ሌላ ስሕተትም ይጋብዛል። «ዓሊ ሑመድ ዓሊ ሑመድ» የሚል ዝርዝር ያየ ገልባጭ ቀዳሚው ጸሐፊ በስሕተት የደገመው መስሎት ሁለቱን ይሰርዛል። ሁለት ትውልድ በአንድ መስመር ይጠፋል፤ ገልባጩም አስተካከልሁ ብሎ ይረካል። ሶማሌዎች «አብቲርሲ» በሚሉት የቃል ሐረግ ቆጠራ ውስጥ የትውልድ መታጠፍ እንደሚያጋጥም አንትሮፖሎጂስቱ አይ. ኤም. ሉዊስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሳይተዋል፤ በተደጋጋሚ ስሞች መካከል ግን መታጠፉ ያለ ምንም ማኅበራዊ ምክንያት፣ በዐይን መንሸራተት ብቻ ሊከሰት ይችላል።

የታጁራ ሱልጣኖች ዝርዝርም ሊያሳስት ይችላል። «ዳርዳር» የሚባለው የሱልጣንነት ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም፤ በሁለት ቤቶች መካከል ይፈራረቃል። ሱልጣኑ ሲሞት ከሌላው ቤት የሆነው ምክትሉ ወይም «ባንኮይታ» ይተካዋል፤ አዲሱ ምክትል ከሟቹ ቤት ይመረጣል። ሑመድና መሐመድ የሚሉት ስሞች በሁለቱም ቤቶች ስለሚገኙ የነገሥታቱን ተራ እንደ ዘር ሐረግ የሚያነብ ሰው ባላንጣዎችን አባትና ልጅ ያደርጋቸዋል።

በተቃራኒው «አብሱማ» በሚባለው የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ ምክንያት አንዱ ቅድመ አያት በእናትም በአባትም በኩል በትክክል ሁለት ቦታ ይገኛል። ሐረጉን በሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው አንዱን ቦታ «የተደገመ» ብሎ እንዳይሰርዝ፣ ወይም ሁለት ሰው እንዳያደርገው መጠንቀቅ አለበት። መደጋገም አንዳንዴ ስሕተት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እውነቱ ያው ነው።

እርማቱ እንዴት ይሠራል

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀትንና ሰውን መለየት ነው። አንድ መዝገብ አንድ ምስክርነት እንጂ አንድ ሰው አይደለም። ስሙ በተጻፈበት ፊደልና ሆሄ እንዳለ ይያዛል፤ በአጠገቡ የጸሐፊው ቋንቋ፣ የአቆጣጠሩ ዐይነትና ወረቀቱ የተጻፈበት ምክንያት ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ብቻ ስሙ የሚወክላቸው ድምፆች በሌላ ዐምድ ይቀመጣሉ፤ አንድ አጻጻፍ ከአንድ በላይ ንባብ ካለው ሁሉም ይጻፋሉ። በፈረንሳይኛ «ሳይድ» ተብሎ የሚነበብ ስም ሰዒድም ሰይድም ሊሆን ይችላል፤ ሐሚድና ሓሚድም በዐረብኛ ሁለት ስሞች ናቸው፤ የፈረንሳይኛው አጻጻፍ ግን አይለያቸውም። አብዱልቃድር ወይም ወልደ ማርያም የመሰለ ጥምር ስም በባዕድ መዝገብ ለሁለት ተቆርጦ ገሚሱ የልጅ፣ ገሚሱ የአባት ስም እንዳልሆነም መታየት አለበት። «ሥላሴ» የአፄ ኃይለ ሥላሴ የቤተሰብ ስም መስሏቸው የጻፉ አውሮፓውያን ጥቂት አልነበሩም።

ሁለተኛው፣ ምናልባትም ዋናው ሥራ የእናትን ስም መፈለግ ነው። ከላይ የታየው የዓሊና የሑመድ ሰንሰለት የሚበጠሰው በአባቶች በኩል በመውጣት ሳይሆን በእናት በኩል በመሻገር ነው። አያትየውና የልጅ ልጁ በሦስት ስም ሞክሼ ቢሆኑም የአንዲት እናት ልጆች አይደሉም። ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤትም የወንድማማቾችን ቡድን የምትለየው እናት ናት። የፈረንሳይኛው የልደት መዝገብ የእናትን ስም ከነአባቷ ይይዛል፤ በቃል የሚነገረው ሐረግ ግን ሴቶችን በአብዛኛው ይዘላል። ስለዚህ በአርሂባ የሚደረግ መጠይቅ ለሽማግሌዎች ብቻ ሲቀርብ ውጤቱ ረጅምና ያማረ፣ ነገር ግን ሞክሼን ከሞክሼ የማይለይ ዝርዝር ነው። አሮጊቶቹ አጠር ያለ ሐረግ ይናገራሉ፤ ማን ከማን ቤት እንደተዳረች ግን ያውቃሉ። የቅጽል ስምም እንዲሁ መጠየቅ አለበት፤ በሰፈሩ ሁለት ዓሊ ሑመዶች ካሉ ሰፈሩ ራሱ አስቀድሞ ለይቷቸዋል።

አጠያየቁም ሥርዐት አለው። ወረቀቱን አሳይቶ «ይህ አባትዎ ናቸው?» ማለት መልሱን በጥያቄው ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ እንግዳን ማሳፈር የማይወድ አዛውንት «አዎን» ይላል። ይልቅስ አስቀድሞ «አባትዎን ሰው ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? እናታቸውስ የማን ልጅ ነበሩ?» ተብሎ ተጠይቆ፣ ስሙም በተናጋሪው አንደበት ተቀድቶ፣ ወረቀቱ በመጨረሻ ይቀርባል። የተቀዳው ድምፅ የታጠፈውን ድ ከተራው፣ ሐ-ን ከሀ ለመለየት ከየትኛውም ወረቀት ይበልጣል።

ጉዳዩ የሠንጠረዥ ንጽሕና ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በእስልምና የውርስ ሕግ ድርሻ የሚወሰነው በዝምድናው ደረጃ ስለሆነ አያትን ከልጅ ልጅ ያምታታ ወረቀት ርስትን ያዛባል። ዜግነቱን በወላጆቹ ልደት ማስረዳት ያለበት ሰው የአባቱ ስም በሁለት ወረቀት በሁለት ፊደል ስለተጀመረ ብቻ የሌላ አገር ሰው ልጅ ሊባል ይችላል፤ ሦስት አገር ላይ ለተዘረጋ ሕዝብ ይህ የዕለት ተዕለት ሥጋት ነው። የሟቾች ስም ዝርዝርም አለ። ዲሴምበር 18 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. የጅቡቲ የጸጥታ ኃይሎች በአርሂባ ነዋሪዎች ላይ ተኩሰው በርካታ ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ሟች በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ከገባ ዝርዝሩ በሙሉ የሚጠራጠረው ያገኛል፤ ሁለት ሞክሼ ሟቾች አንድ ከተደረጉ ደግሞ አንዱ ቤተሰብ ሟቹን ያጣል። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ እንኳ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 1983 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ነበረችው፤ ስለዚህ ዕለቱ በሌሎች ዓመታት እንደሚሆነው ታኅሣሥ 9 ሳይሆን ታኅሣሥ 8 ቀን 1984 ነው።

እርማት ሲደረግ የቀደመው ንባብ አይፋቅም። ማን፣ መቼ፣ በምን ማስረጃ አንድ እንዳደረገ ወይም እንደለየ ከጎኑ ይጻፋል። ምክንያቱም የተሳሳተው ሐረግ አስቀድሞ ተገልብጦ በልጆችና በዘመዶች እጅ ጅቡቲ፣ ሠመራ፣ ፓሪስ ሊደርስ ይችላል፤ አሮጌው ንባብ ከጠፋ የተገለበጠውን ይዞ የሚመጣ ሰው እርማቱን ራሱን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ሁለት ሰዎች ከተለያዩ በኋላ ደግሞ የየትኛው እንደሆኑ ያልታወቁ ወረቀቶች ይተርፋሉ። እነዚህን ለሚቀርበው ሰው አድሎ መዝጋት የተለመደ ፈተና ነው፤ ይሁንና ባለቤት ሳይሰጣቸው፣ በራሳቸው ቁጥር፣ የእናት ስም የያዘ ሌላ ወረቀት ወይም የምታስታውስ ሴት እስክትገኝ ለብቻቸው ይቀመጣሉ።